ሁለት መኪናና የማይታለፍ ሰው

ያን ሜዳ አሁንም ሳልፈልግ አየዋለሁ። ከባቡር ጣቢያው ወደ ደቡብ፣ ከተማው በሚያልቅበት ቦታ ይጀምራል፤ እሱ የሚያልቅበትን ግን በቀን ብርሃን አይቼ አላውቅም። በበጋ ሣሩ ይነጣል፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል መሬቱ እንደ ውኃ ይርገበገባል። ግራሮቹ ከሥራቸው ተቆርጠው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከብት ሲያልፍ እግር የለውም፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ራሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ማዶ ጭላሎ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አዋሽን ተሻግረው ከደራ ቅቤ የሚያመጡልኝን ሰዎች እዚያ ቆሜ ስጠብቅ ነው እንቅልፍ ሳይወስደኝ ሕልም ማየት የተማርኩት። ለነጋዴ ጥሩ ልማድ አይደለም። ሕልሙ ይቆያል፣ ቅቤው ይቀልጣል።

ሁለቱ መኪናዎች የመጡት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ በአንድ በጋ ነው። ከጅቡቲ በባቡር ተጭነው፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍነው ወረዱ። አንዱን ያስመጣው ከጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው አርመን ነው፤ ሌላውን መጠጥ ቤት የነበረው ግሪክ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ያመጣውን ሌላው ካላመጣ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አርመኑ ጃንጥላ ካመጣ ግሪኩም ጃንጥላ ያመጣል፤ ዝናብ ኖረ አልኖረ። እንግዲህ መኪናውም በዚሁ ደንብ ሁለት ሆነ።

መኪና እስከዚያ ድረስ አይተን አናውቅም ማለቴ አይደለም። የጭነቱን እናውቀዋለን፤ ዳገት ላይ እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተ፣ ሰው ከኋላ እየገፋው፣ ያም ሆኖ እህሉን ያደርሳል። እነዚህ ግን ሥራ የማይሠሩ መኪናዎች ነበሩ። ከሾፌሩ ሌላ የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግማሽ ቁና ጤፍ ልጫንባቸው ቢሉ ቦታ የላቸውም።

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?" ብዬ አርመኑን ጠየቅሁት።

"ይፈጥናሉ" አለኝ።

"ወዴት?"

እንደ አላዋቂ አየኝና ወደ ሱቁ ገባ። እስከ ዛሬም አልመለሰልኝም።

የአርመኑ ሰማያዊ ናት፤ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ትንሽ፣ ቀላል፣ ጎማዋ እንደ ፌንጣ እግር የቀጠነ። ሾፌሩ ገና እግሩን ሲያሳርፍባት ከቆመችበት ትዘላለች። የግሪኩ ቀይ ነው፤ የጣሊያን ሥሪት፣ አፍንጫው ረጅም፣ ሰፊ ደረት ያለው። እሱ ሲነሣ አይቸኩልም። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ይጎትታል፣ እየሞቀው ሲሄድ ግን ድምፁ ይለወጥና እንደ ንብ መንጋ አንድ ዓይነት ጩኸት ይዞ ይዘረጋል። የጣቢያው ሰው በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ "ሰማያዊዋ ከመነሻው ትበልጠዋለች" ይላል፤ ገሚሱ "ቆይ፣ መንገዱ ይርዘም እንጂ ቀዩ ይበላታል" ይላል። ሁለቱም ወገን አንዱም መኪና ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ስለዚህ ክርክሩ መጨረሻ አልነበረውም።

ገዢ ሊሆን የሚችል ሰው በዚያ አገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ፊታውራሪው ናቸው። የፈረስ ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ከጥምቀት ስማቸው ይልቅ ግን የሚታወቁት በእሱ ነበር። ፈረሳቸው ዳማ ነበር። በጥምቀትና በመስቀል በዚያ ሜዳ ሲጋልብ ከፊቱ ሌላ ፈረስ ያየ ሰው የለም ይባላል። ዘፈንም ወጥቶለት ነበር፤ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ ይሉት የነበረ። ፈረሱ አርጅቶ ሞተ። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ፣ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ከኮርቻ ቀሩ። ሰው ተሸክሟቸው ሩቅ መሄድ አይወዱም፤ ስለዚህ ከግቢያቸው አይወጡም ነበር። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

"አንተ ነጋዴ፣ እነዚያን ሁለት ነገሮች አይተሃቸዋል?"

"አይቻለሁ ጌታዬ።"

"የሚነሣው የትኛው ነው?"

"ቤንዚን ካለ ሁለቱም ይነሣሉ ጌታዬ።"

"አልገባህም።" መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። "የኔ ዳማ ከቆመበት ሲነሣ፣ እዚህ ጋ አንድ እጅ ይገፋኝ ነበር። ትንፋሼ ኋላ ቀርቶ፣ ቆይቶ ይደርስብኛል። ያን ነው የምፈልገው። እሱ የተገኘበትን እገዛለሁ፤ የፈረሴንም ስም አወጣለታለሁ። ካልተገኘ ብረት ነው፤ ባለቤቶቹ ይብሉት።"

በድለላ ብዙ ነገር አፈላልጌ ለፈለጉት ሰዎች አድርሻለሁ፤ ያመለጠች በቅሎ፣ ለመነኩሴ የሚሆን ቤት፣ ቁመቱ የተለካ አማች ሳይቀር። የሰው ትንፋሽ ፈልግ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በገበያ ማግስት ጠዋት ሁለቱን መኪናዎች ለማሽቀዳደም ሜዳው ላይ ተገናኘን። ፊታውራሪውን በወንበር አምጥተዋቸዋል፤ ለአጭር መንገድ እሺ ብለው። ካንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተነሥቶ በሜዳው መሐል ለብቻው እስከ ቆመው ግራር፣ ፈረስ በሙሉ ኃይሉ የሚጨርሰው ያህል ቀጥ ያለ መሬት ነው፤ ጉድጓዱን ከዋዜማው አስደፍኛለሁ። ባለ መኪናዎቹ ራሳቸው አይነዱም። አርመኑ "ሻጭ ሲነዳ የቸገረው ይመስላል" ይላል፤ ግሪኩ ዓይኑ ከጠርሙስ አልፎ አያይም። ሾፌሮቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ ደኅና አድርገው የተማሩ፣ ደኅና አድርገውም ያደጉ። እንዴት ያደጉ እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ጌታ በመንገድ ሲመጣ ያየ ሰው ከበቅሎው ይወርዳል፤ ጌታውን ቀድሞ አያልፍም፤ እስኪያሳልፉት ይጠብቃል። መኪና ሲመጣ ይህ አልተለወጠም። ሾፌር ሹም ሲያይ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይሰግዳል። ሞተሩ ብቻ ነው በትዕቢት የሚያጉተመትመው።

ፊታውራሪው መጀመሪያ ሰማያዊዋ ላይ ተቀመጡ። ለመነሻ ምልክት ነጠላዬን ከፍ አድርጌ ጣልኩት። ሰማያዊዋ ተፈትልካ ወጣች፤ የፊታውራሪው ራስ ወደ ኋላ ሲወረወር ከሩቅ አየሁት። ቀዩ አጉረመረመ፣ ጎተተ፣ እየደረሰ፣ እየደረሰ ሄደ፤ ግራሩ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ የፈረስ ራስ ያህል ቀረው። እልልታ ሆነ። አርመኑ ጃንጥላውን ዘረጋ።

ቀጥሎ ቀዩ ላይ ተቀመጡ። እንደገና ሰማያዊዋ ዘለለች፤ ነገር ግን ከመንገዱ ግማሽ ላይ፣ ቤቷ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ይመስል ቀዝቀዝ አለች። ቀዩ እየዘመረ አለፋት። እልልታ። ግሪኩ አማተበ።

"ይኸኛው ደግሞ ይብሳል!" አሉ ፊታውራሪው፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ጌታዬ፣ የኔ አልሞቀችም ነበር! አንዴ ይድገሟት!" አለ አርመኑ።

ደገሟት። ሰማያዊዋ አሸነፈች።

አጠገቤ የቅቤ ቅሉን ተደግፎ የተቀመጠ የደራ ሰው አለ። አርሲ ነው፣ እስላም፤ የፊታውራሪው የድሮ ጋላቢ ጓደኛ፣ አሁን ደግሞ የኔ የቅቤ ደንበኛ። በዕድሜ አባቴ ነው፤ ግን አንቱ ካልኩት "ዋጋ ልትቀንስ ነው" ብሎ ስለሚጠራጠር አንተ እለዋለሁ። ዳልቻ ፈረስ ነበረው፤ በየዓመቱ ከፊታውራሪው ዳማ ቀጥሎ ሁለተኛ የሚገባ።

"ጥሩ መኪና ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ።

"የትኛው?"

"ፊታውራሪው የተቀመጡበት።"

ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። ወንበራቸው ላይ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁት። ሾፌሮቹን ጠሩ።

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ላይ ደርሰህብኝ ነበር። ለምን አላለፍከኝም?"

የቀዩ ሾፌር መሬት ላይ ወደቀ። "አፈር ልሁን ጌታዬ! እርስዎን እንዴት አድርጌ ነው አቧራ የማለብስዎ?"

"አንተስ?"

"ጌታዬ፣ እኔንም ያሳደገችኝ እናት ናት" አለ የሰማያዊዋ።

ግሪኩና አርመኑ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በቋንቋቸው ተሳደቡ። ሰዉ ሳቀ። ፊታውራሪው ግን አልሳቁም። ሜዳውን ያዩ ነበር። አንድ አዙሪት ነፋስ አቧራ ለብሶ፣ ለብቻው እየዞረ ሲያልፍ እስኪጠፋ በዓይናቸው ተከተሉት። ምን እንደመጣባቸው ገባኝ፤ ምነው ባልገባኝ ብዬም ተመኘሁ። ያው ሜዳ ነው። ያ ፈረስ የጋለበበት ሜዳ። ያን ፈረስ የተከተሉትም ሁሉ ደኅና አድርገው ያደጉ ሰዎች ነበሩ።

"ኮቱ" አሉ፤ በኦሮምኛ፣ ና ማለታቸው ነው። የደራው ወዳጄ ዱላውን ይዞ ተነሣና ፊታቸው ቆመ።

"ያኔ፣ እንዳታልፈኝ ልጓም ትይዝልኝ ነበር?"

የሰዉ ሳቅ ቆመ። ወዳጄ በዱላው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ።

"የትኛው ያኔ ጌታዬ?"

"በጥምቀት። በመስቀል። ሁልጊዜ ከኋላዬ የነበርክበት ያኔ።"

"ያ እኮ ረጅም ጊዜ ነው።"

"እኔን አልረዘመብኝም። የፈረሴን ስም ተሸክሜ ነው እዚህ የመጣሁት። ለአንዱ ብረት ልሰጠው ነበር። የእውነት ስም መሆኑን ማወቅ አለብኝ። ንገረኝ።"

ወዳጄ አንዴ እኔን አየኝ፤ ነጋዴ ስለሆንኩ መዋሸት የማውቅ መስሎት ይሆናል። ዓይኔን ወደ ጭላሎ አዞርኩ።

"አንዳንድ ጊዜ" አለ።

"የትኛውን ጊዜ?"

"እሱን አልለየሁትም። እጄ ራሱ ነበር የሚይዘው። ሌሎቹም እንደዚያው።"

የባቡሩ የስልክ ሽቦ በነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ልጅ ሲያስተኛ እሹሩሩ እንደሚለው ዓይነት ድምፅ ነበር። ፊታውራሪው ቀና አሉ።

"ዛሬስ እጅህ ምን ያደርጋል?"

"ዛሬ ልጓም የለም ጌታዬ። መሪው ያለው በሾፌሩ እጅ ነው።"

"እንግዲያው ቀዩ ላይ ውጣ። ሾፌሩን አንተ ንዳው። ብታልፈኝ ቂም የለም፤ ይህ ሁሉ ሰው ይመስክር። ከያዝክልኝ ግን ዳግመኛ ደጄን አትርገጥ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ነጋዴ፣ ሰማያዊዋ መርገጫ ላይ ቁም። እኔ የማየውን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ጌታዬ፣ ይህ ነጋዴ ከባድ ነው! ይህ ፍርድ አይደለም!" ብሎ አርመኑ ጮኸ። ያን ቀን የተናገረው እውነት እሱ ብቻ ነበር። ማንም አልሰማውም።

የመስተዋቱን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። እንደዚያ ያለ ነገር ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ እግሬ ሥር መርገጫው እንደ ታመመ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ የቤንዚን ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ግሪኩ መሐረቡን ጣለ።

የሆነውን በትክክል መናገር አልችልም። ሆዴ ሾላው ሥር ቀረ፤ እኔ ያለ እሱ ሄድኩ። ሜዳው ከፊቴ እንደ አቡጀዲ ጣቃ ተተረተረ፤ ነጩ ሣር ሣር መሆኑን ትቶ ወተት ሆነ፤ ድምፁ እየበዛ ሲሄድ ከብዛቱ የተነሣ የጠፋ መሰለኝ። ያን ጊዜ ፊታውራሪውን አየኋቸው። አንገታቸው ወደ ኋላ ተጥሎ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። ትንፋሻቸውን እየጠበቁ ነበር። ደረሰባቸውም፤ ከውስጣቸው የልጅ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ብቻችንን ነበርን። ከፊታችን ማንም የለም፣ ከጎናችንም የለም። እኔ ራሴ በልቤ "ይኸው፣ የእውነት ነው" አልኩ።

ከዚያ የንቡ ጩኸት መጣ። መጀመሪያ በሩቅ ነበር፤ ቀጥሎ ከጎኔ። የቀዩ አፍንጫ በክርኔ አጠገብ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ያ ሁሉ ፍጥነት እያለ ቀስ ብሎ፣ ጀልባ በሐይቅ ላይ እንደሚሄድ። ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚሮጠው ሜዳው ሆኖ እኛ የቆምን መሰለኝ፤ እጄን ብዘረጋ የወዳጄን ጋቢ እነካው ነበር። የቀዩ ሾፌር ዞር ብሎ ፊታውራሪውን አየ። ልማድ ነው። እግሩ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። ወዳጄ አላያቸውም። ዱላውን አንሥቶ የመኪናውን ግንባር በኃይል መታው።

"ዴሚ!" አለ፤ ሂድ ማለቱ ነው። "ዴሚ! ዴሚ!"

ፈረሱን ይህን ቃል ብሎት የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ድምፁ ሰላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ቤት በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ቀዩ ተዘረጋ። ጀርባውን አየን፤ ከዚያ አቧራውን። በዚያ አቧራ ውስጥ ፀሐይዋ ቢጫ ሆነች፣ ግራሩ ጠፋ፣ ፊታውራሪውም ጠፉ። የቆምንበትን ያወቅሁት ሞተሩ ሲያርፍ ነው።

አቧራው ሲረግፍ ጢማቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ የጋቢያቸው ጥበብ ሁሉ ነጭ ሆኖ ታየ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አልነካቸውም። ሾፌራችን አንገቱን ደፍቷል። ወዳጄ ከቀዩ ወርዶ መጣ፤ ከዱላው በቀር እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ነበር። ሊሰግድ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዙት።

"ፊት ስትሆን ምን አለ?" አሉት።

አሰበ። "ምንም የለም ጌታዬ። ነፋስ ብቻ ነው።"

"አዎ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ፈረሴስ?"

"ጌታዬ፣ እኛ ልጓም ስንይዝ የእርስዎ ዳማ አያውቅም። ማንም አልነገረውም። እሱ የሮጠው የእውነቱን ነው።"

ፊታውራሪው ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ መዳፋቸው ላይ ያለውን አቧራ ብዙ ጊዜ አዩት። ከርቀት ግሪኩ በደስታ እየተንገዳገደ፣ አርመኑ በጃንጥላው ወደ እኔ እየጠቆመ ይመጡ ነበር።

"ሰማያዊዋን እገዛለሁ" አሉ።

ደላላ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ነበር፤ አላስቻለኝም። "ተሸንፋለች እኮ ጌታዬ።"

"አይቻለሁ፤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የለ? ግን ስትነሣ አየህ? ፊት መሆኑን ጠግቤዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የኔ እንደነበር እንጃ። ሲነሣ ደረቴን የሚገፋኝን ግን ማንም ይዞልኝ አያውቅም። እሱ የኔ ነው።"

"ስሙንስ?"

"ስሙ ይቆይ። የእውነቱን የሮጠ ወስዶታል።"

ግሪኩ ያሸነፈው መኪናው እንዴት ሳይሸጥ እንደቀረ ሲነገረው ተቀመጠና በእጁ ራሱን ያዘ። አርመኑም ደስ አላለውም፤ መኪናው የተሸነፈችው በእኔ ክብደት ነው እያለ ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ሆዴን ያይ ነበር።

ወደ ከተማው የተመለስነው በዝግታ ነው። ፊታውራሪው ወዳጄን "ቅደም" አሉት፤ ቀዩ ትንሽ ቀደመ፣ ሾፌሩ አፍሮ ቆመ። ወዳጄ "እርስዎ ይቅደሙ" አላቸው፤ እሳቸው ደግሞ እምቢ አሉ። እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዱ ሲያዘግም ሌላው እየጠበቀው፣ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። መንገዱ ለሁለት አልተሠራምና ግማሹ ጎማ ሣር ላይ ነበር። እኔ ከሁለቱ መሐል በእግሬ እሄድ ነበር፤ ቀደምኳቸውም፤ ማንም ልብ አላለኝም። ከውኃ የሚመለሱ ከብቶች መንገድ ለቀቁላቸው። ከኋላዬ፣ ከሞተሮቹ ማጉረምረም በላይ፣ የሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማኛል፤ ዳልቻው በየትኛው እግሩ ነበር የሚነሣው ብለው ይከራከራሉ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዳቸው ለሌላው ሳይለቁ።